ከኦሳካ ወደ ጅማ ዕቃ ይዤ ልመለስ ነው፤ የትኛው ነው እናቴ ቤት የሚሠራው?

ጥያቄ፣ የሂርማታ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ ሂርማታ ነው። አሁን በጃፓን ኦሳካ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ጠቅልዬ እመለሳለሁ። ከትምህርት አበሌ ላይ በሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት 140,000 የን አለኝ። በዚህ ገንዘብ ለቤተሰቤ ኤሌክትሮኒክስ ገዝቼ መግባት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን እየዞርኩ ባየሁ ቁጥር ፍርሃቴ ጨመረ።

ዋናው ጉዳይ የእናቴ ነው። እናቴ ጅማ መርካቶ ውስጥ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። እኔንም ወንድሜንም ያስተማረችን በእግር በምትረገጠው ሲንጀር መኪናዋ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጉልበቷን ያማታል። «አምስት ሱሪ ከሰፋሁ በኋላ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል» አለችኝ። እናቴ ሕመሟን የምታወራ ሴት አይደለችም፤ ስለዚህ ይህን ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ላይ ነው። ወንድሜ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው፤ የንድፍ ሥራውን የሚሠራው የጓደኛውን ላፕቶፕ ማታ ማታ እየተዋሰ ነው። ለአባቴ ፊደሉን አጉልቶ የሚያሳየው ስልክ ይበቃዋል።

ኦሳካ ውስጥ ኒፖንባሺ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር አለ፤ የከተማው ሰው «ደንደን ታውን» ይለዋል። ባለፈው ቅዳሜ ሱቆቹ ከተከፈቱበት ሰዓት እስከ ምሽት እዚያ ስዞር ዋልኩ። ሻጮቹ ትሑት ናቸው፣ ዋጋው ተለጥፏል፣ ያገለገለው ዕቃ እንኳ ተወልውሎ አዲስ ይመስላል። ጃፓንኛዬ ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል፤ ከዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ለማንበብ ግን አልበቃኝም። ስልኬን እያነጣጠርኩ አስተረጎምኩት። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ «100 ቮልት» ይላሉ፤ ሌላ ቁጥር የለም። ለሻጩ «አገሬ 220 ነው» ስለው ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ የኤክስ ምልክት ሠራልኝ። ጃፓኖች «አይሆንም» ሲሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ቀጥሎ ወደ ሌላ መደርደሪያ ወስዶ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አሳየኝ። ጡብ ያህላል፤ ክብደቱም የጡብ ነው።

በሩ ላይ «ከግብር ነፃ» የሚል ስለተለጠፈ 10 በመቶው የፍጆታ ግብር ይቀነስልኛል ብዬ ፓስፖርቴን ሰጠሁት። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃዴን ሲያይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ነፃ መብቱ ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ ጎብኚ እንጂ እዚያ ለሚኖር የውጭ አገር ሰው አይደለም። እንግዲህ የምከፍለው ሙሉውን ነው ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ዕቃው ጅማ ደርሶ ቢቃጠል ኦሳካ ድረስ ይዤው አልመለስም።

የጅማን መብራት ታውቁታላችሁ። ግልገል ጊቤ እዚያው አጠገባችን ሆኖ ማታ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ነጎድጓድ ሲጀምር እናቴ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ሳትነቅል አትተኛም። በትራንስፎርመር ተማምኜ የስፌት መኪናውን ልግዛ? ላፕቶፑንና ስልኩንስ ከዚህ መግዛት ያዋጣል? ያያችሁትን ንገሩኝ።


መልስ፣ ጠጋኙ ከጅማ መርካቶ

እህቴ፣ ትምህርትሽን ለመጨረስ እንኳን አበቃሽ። እኔ እዚሁ መርካቶ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ስጠግን 17 ዓመቴ ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ በፌስታል ታቅፎ የሚመጣ ሰው ፊቱን ሳየው ምን እንደደረሰበት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳትገዢ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል።

ከሁሉ በፊት የዕቃውን ጀርባ ወይም ቻርጀሩን ገልብጠሽ «ኢንፑት» የሚለውን መስመር ፈልጊ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» (ሄርዝ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) ካለ ዓለም ሁሉ አገሩ ነው፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማገናኛ ብቻ ነው። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው። «100 ቮልት» ብቻ ካለ ግን ጅማ ሶኬት ላይ በቀጥታ ከሰካሽው ከእጥፍ በላይ ነው የምታጎርሽው።

ባለፈው ዓመት አንድ መምህር ከጃፓን ለመዘምራን ያመጣውን ኦርጋን ይዞልኝ መጣ። የጃፓን ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ከሱቅ ማገናኛ ገዝቶ ሰክቶታል። «የሰካሁበት ድምፅና የጢሱ ሽታ እኩል ነው የመጡት» አለኝ። ማገናኛው የጥርሱን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይነካውም፤ ይህን ለስንቱ ሰው እንደነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እግዚአብሔር ሲረዳው የነደደው ውጭ ያለው አዳፕተር ብቻ ነበር። 220 ተቀብሎ ያንኑ 12 ቮልት የሚያወጣ ፈልጌ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በየትኛው በኩል እንደሆነ አመሳክሬ ቀየርኩለት፤ እስከ ዛሬ ይዘምሩበታል። አዲሶቹ የስፌት መኪናዎች ግን ቦርዳቸው በሆዳቸው ውስጥ ነው። ያ ከነደደ የምተካበት ቦርድ እዚህ ቀርቶ አዲስ አበባም አላገኝም።

ትራንስፎርመሩ ይሠራል? ይሠራል። የቤት ስፌት መኪና ብዙ ዋት አይፈልግም። ከገዛሽ ከዚያው ከጃፓን ግዢው፤ እዚህ ገበያ የሚገኘው አብዛኛው ወደ 110 የሚያወርድ ነው፣ የጃፓን ዕቃ የሚፈልገው ግን 100 ነው። አቅሙም መኪናው ላይ ከተጻፈው ዋት እጥፍ ይሁን፤ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ሲሮጥ ከሚስበው ይበልጣል። ሩዝ ማብሰያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ማንኛውንም የሚያሞቅ ነገር ግን እርሺው፤ እሱን የሚሸከም ትራንስፎርመር ከሻንጣሽ ግማሹን ይበላል።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። እናትሽ የምትሠራው ሰው በሚተላለፍበት በረንዳ ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ገመዱን ነቅሎ ሲመልሰው በትራንስፎርመሩ ሳይሆን በቀጥታ ይሰካዋል። የማየው ሁሉ እንዲህ ያለ ነው፤ ዕቃው ሳይበላሽ በእጅ ስህተት ያልቃል። ደግሞስ በረንዳው ላይ የራሷ ሶኬት አላት? ይህን መጀመሪያ አጣሪ።

መብራቱን በተመለከተ ያልሽው እውነት ነው። ሱቄ ውስጥ ማታ ስለካ ከ190 በታች የሚወርድበት ቀን አለ፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ዘሎ ነው የሚመጣው። ስታብላይዘር ግዢ፤ እሱን እዚህ ታገኚዋለሽ። እናትሽ በነጎድጓድ ጊዜ የምታደርገውን ግን ስታብላይዘር አይተካውም፤ መንቀሉን አትተው።


መልስ፣ ናጎያ የምኖር

እህቴ፣ እኔ በጃፓን ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ላፕቶፕና ስልኩን በተመለከተ ያየሁትን ልንገርሽ።

አዲስ ላፕቶፕ አትግዢ። የጃፓን ኩባንያዎች ኮምፒውተር በሊዝ ወስደው ከጥቂት ዓመት በኋላ በጅምላ ይመልሳሉ፤ ኒፖንባሺ የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ አብዛኛው እሱ ነው። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የኖረ ስለሆነ በደንብ የተያዘ ነው። ነገር ግን በጣም ርካሹን ስታዪ ለምን እንደረከሰ ጠይቂ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በታች የሆነውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህ ምክንያት የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች በውኃ ዋጋ ወጥተዋል። ወንድምሽ ንድፍ ስለሚሠራ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሜሞሪው 16 ጊጋባይት የሆነ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሆነ ፈልጊለት።

«ጃንኩ» የሚል የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ እጅሽን አታስገቢ። እንደተበላሸ ይቆጠራል፤ ዋስትና የለውም፣ አይመለስም። እኔ አንዴ በ4,000 የን ገዝቼ ስክሪኑ ከሳምንት በላይ አልቆየልኝም። ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ ምረጪ፤ ገዝተሽም እስክትሄጂ በሻንጣ አትቆልፊበት። በየቀኑ ተጠቀሚበት፤ ጉድለቱ ካለ እዚያው ሳለሽ ይውጣ።

የጃፓን ኪቦርድ ስፔስ ባሩ አጭር ነው፣ በግራና በቀኙ ትርፍ ቁልፎች አሉት፣ አንዳንድ ምልክቶችም ቦታቸው ሌላ ነው። የላቲን ፊደላቱ ግን እዚያው ናቸው፤ በእነሱ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ለመጻፍ አያስቸግርም።

ያገለገለ ስልክ ስትገዪ ከዋጋው አጠገብ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ወይም ኤክስ ምልክት ታያለሽ። ክቡ የመዘጋት ስጋት የሌለበት ነው። ሦስት ማዕዘኑ ገና ያልለየለት ነው፤ ወደፊት ሊዘጋ ይችላል። ኤክሱ የተዘጋ ነው። ክብ የሌለውን አትንኪ። ከጥቅምት 2021 ወዲህ የወጡት ስልኮች በአንድ የስልክ ኩባንያ ሲም ተቆልፈው እንዳይሸጡ ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ ግን ሌላ ሲም አስገብተሽ ሞክሪው። አንድ ነገር ደግሞ ለአባትሽ ንገሪያቸው፦ እዚህ የሚሸጥ አብዛኛው ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ድምፁ አይጠፋም። ለቅሶ ቤትም ሆነ ጸሎት ላይ ያሰማል።

በየወሩ እየከፈልሽ አዲስ ስልክ ለመውሰድ ደግሞ አትድከሚ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከክፍያው ጊዜ በፊት ስለሚያልቅ አይሰጡሽም፤ ሦስት ሱቅ ዞሬ ሦስቱም መልሰውኛል።

ስለ ስፌት መኪናው ጠጋኙ ባለው ላይ አንድ ልጨምር። ኦሳካና እኔ ያለሁበት ናጎያ 60 ሄርዝ ነን፤ ቶኪዮ 50 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ የጀርመን ጄኔሬተር ሲገዛ ኦሳካ የአሜሪካ ገዛ፤ አገሩ እስከ ዛሬ እንደተከፈለ ነው። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ ሄርዝ አይለውጥም። የእኛ አገር 50 ስለሆነ ዕቃው ላይ «60» ብቻ ከተጻፈ ትተሽው እለፊ።


መልስ፣ ልብስ ሰፊ ከጅማ

ልጄ፣ ልጄ ናት ይህን አንብባልኝ የምትጽፍልኝ። እኔም እንደ እናትሽ ሰፊ ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ እሷ ነበር።

ሲንጀሯን አትለውጡባት። ብረት ናት። እህቴ ከአረብ አገር ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አምጥታልኝ ነበር፤ ለቀጭን ጨርቅ፣ ለትራስ ልብስ ጎበዝ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ካኪ አራት እጥፍ ሲሆን ግን መርፌው ይሰበራል፣ መኪናዋም ሞቃ ትቆማለች። እኛ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንሰፋው፤ እሷ የተሠራችው በሳምንት አንዴ መጋረጃ ለምትሰፋ ሴት ነው። አሁን ተሸፍና አልጋ ሥር ናት።

እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። ለአሮጌዋ መኪናዬ ሞተር አስገጠምኩ። ከጀርባዋ በብሎን ይታሰራል፣ ትንሽ የጎማ ቀበቶ ከመንኮራኩሯ ጋር ያገናኘዋል፣ እግር ሥር የምትቀመጥ ፔዳል አለችው። በጣት ጫፍ ነክቼ ነው የማስኬዳት። የኛው የ220 ነው፤ ትራንስፎርመር ምናምን የለውም። መብራት ሲጠፋ የጎማውን አውልቄ የቆዳውን ቀበቶ እመልስና በእግሬ እቀጥላለሁ። ደንበኛ «መብራት ሲመጣ እመለሳለሁ» ብሎ አይሄድብኝም።

ለእናትሽ ከጃፓን ማምጣት ከፈለግሽ መርፌ አምጪላት። ጥሩ መርፌ እዚህ ጠፍቷል፤ የምንገዛው ሁለት ቀን ሳይቆይ ጫፉ ይዶለዱማል፣ ጨርቁንም ይስባል። ጥሩ መቀስም ያስፈልጋታል።


የሂርማታ ልጅ (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰፊዋ እናቴ ሆይ፣ የእርስዎን መልስ ትናንት ማታ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔስ መኪናዬን ልትወስጂብኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ አዲሱ መኪና ሳወራላት «እሺ ልጄ፣ ደስ ይላል» ትለኝ የነበረው እኔን ላለማሳዘን ነው። ይህን ከሱቅ ሻጭ ቀርቶ ከራሷም አፍ መስማት አልቻልኩም ነበር፤ እርስዎ ባይጽፉ ኖሮ ገዝቼው ነበር።

ወንድሜ ጠጋኙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሞተሩ በማንኛውም ሲንጀር ላይ ይገጠማል? ሶኬቱን በተመለከተ ደግሞ ባለሱቁ ከራሱ ቆጣሪ ሊቀጥልላት ተስማምቷል፤ በወር የድርሻዋን ትከፍላለች።


መልስ፣ ጠጋኙ ከጅማ መርካቶ

የሰፊዋ ምክር ከእኔ ይበልጣል፤ እኔ ዕቃውን ነው ያየሁት፣ እሳቸው ሥራውን።

በሁሉም ላይ አይገጠምም። መኪናዋን ከጀርባ ስታይ፣ መንኮራኩሩ ባለበት በኩል በቆመው ዓምድ ላይ ለሞተር ማሰሪያ የተተወ የብሎን ቀዳዳ ካለ በግማሽ ሰዓት እገጥመዋለሁ። ከሌለ ደግሞ ከእንጨቱ ጠረጴዛ ጋር የሚታሰርበት መንገድ አለ፤ ብረት ቤት ቅንፍ ማሠራት ያስፈልጋል እንጂ አይከለክልም። ወንድምሽ ፎቶ ያንሣና ይላክልሽ።

ሶኬቱን ሲስቡላት ሽቦው በረንዳው መሬት ላይ እንዳይተኛ፤ ዝናብ ይገባበታል። በግድግዳው ከፍ ብሎ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሂድ፣ ለብቻዋ ብሬከር ይሁንላት። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ እንዳይቆጭሽ።

ላፕቶፑን በሚመለከት፦ ናጎያ ያለው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ጅማ ውስጥ ልንከፍተው የምንችለውን ምረጪ። ቲንክፓድ፣ ላቲቱድ፣ ኤሊትቡክ ከሆነ ኪቦርዱም ባትሪውም ከአዲስ አበባ በማግስቱ በአውቶቡስ ይደርሰኛል። በጃፓን ገበያ ብቻ የሚሸጡት ቀላልና ውብ ናቸው፤ ባትሪያቸው ሲሞት ግን ከየት አመጣለሁ? ሜሞሪው ቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆንም ጠይቂ፤ ወደፊት መጨመር እንዲቻል።


የሂርማታ ልጅ (ጠያቂዋ)

ወንድሜ ፎቶውን ላከልኝ። ቀዳዳው አለ! ከቆሻሻና ከዘይት ብዛት ተደፍኖ ነበርና በመርፌ ቆፍሮ አወጣው።

ዛሬ ኒፖንባሺ ተመልሼ 8ኛ ትውልድ ቲንክፓድ በ46,000 የን ገዛሁ፤ 16 ጊጋባይት ነው፣ የሦስት ወር ዋስትና አለው። ይህን የምጽፈውም በእሱ ላይ ነው፤ እንደተመከርኩት በየቀኑ አሠራዋለሁ። ቻርጀሩን ገልብጬ «100–240» የሚለውን ሳየው እንደ ዘመድ ነው ደስ ያለኝ። ከቻርጀሩ የሚወጣው የሶኬት ገመድ ተነቃይ ስለሆነ ጅማ ስደርስ ክብ ጥርስ ባለው እቀይረዋለሁ፤ ማገናኛም አያስፈልገኝም። ለአባቴ ክብ ምልክት ያለው ስልክ በ24,000 አገኘሁ።

መርፌውን ለመግዛት እናቴን የያዘችው መርፌ ፓኬት ላይ ያለውን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ፓኬቱ ከጠፋ ቆይቷል። ወንድሜ መርፌውን ነቅሎ አየው፤ አንገቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። የስፌት ዕቃ ሱቅ ያለችው ሴት ፎቶውን አይታ «ኤችኤ በአንድ» የሚባለውን የቤት መኪና መርፌ ሰጠችኝ፤ ናጋኖ ግዛት ውስጥ የሚሠራው የኦርጋን መርፌ ነው። ለካኪ 16 ቁጥር፣ ለቀጭኑ 11፤ ሃያ ሃያ ፓኬት። ከመቀሱ ጋር ከእጅ ሻንጣ አውጥቼ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አስሬዋለሁ። ለሰፊዋ እናቴም አምስት ፓኬት ለይቻለሁ፤ ጅማ ስደርስ መርካቶ ፈልጌ አደርስልዎታለሁ።

ቀሪው ገንዘብ ለሞተሩ፣ ለስታብላይዘሩና ለብሬከሩ ነው። ሞተሩን ከአሁኑ ቢያገኙልኝ ወንድሜ ገንዘቡን ይሰጥዎታል።


መልስ፣ ጠጋኙ ከጅማ መርካቶ

አንድ አለኝ፣ ከነፔዳሉ፤ 220 ነው። ሐሙስ ገበያ ስለሚበዛ ዓርብ ጠዋት ወንድምሽ የመኪናዋን ራስ ብቻ ይዞ ይምጣ፤ ጠረጴዛው አያስፈልገኝም። ቀበቶውን በልኳ ቆርጬ እጠብቀዋለሁ።